መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ

የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። ተሸጠች። አዎ፣ እሷው ናት። ተሸጠች፣ በሩን ወጣች፣ ጥጉ ላይ ስትታጠፍ ድምጿን በገዛ ጆሮዬ ሸኘሁት። ከሐሙስ ጀምሮ ይህን ወሬ ለዳቦ ሻጩ፣ ለልብስ ንጽሕና ቤቷ ሴትዮና መንገድ ለጠፋበት አንድ የማላውቀው ሰው ነግሬያለሁ። ሰውየው ደስ ብሎት ነው የተለየኝ፤ መንገዱን ማሳየቴን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ማን ሸጣት ለሚለው፣ ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ።

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሻጭ አለ። አንደኛው እንደ እኔ ያለው ነው። እኔ መነፅር እሸጣለሁ። ፊቱ እንደ ሙሉ ጨረቃ የከበበውንም፣ እንደ መጥረቢያ የሾለውንም፣ ሁሉንም በእኩል ፍቅር “በጣም ያምርብዎታል” እያልኩ ፀጉሬን ጨርሻለሁ። ሁለተኛው ዓይነት “የሚሸጥ” ብሎ ለጥፎ፣ ገዢ ሲመጣ ፊቱ የሚጠቁረው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠረጴዛ ልትገዙ ቤቱ ሄዳችሁ፣ የእንጨቱን የዘር ሐረግ እስከ ግንዱ ሰምታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ያለ ጠረጴዛ የተመለሳችሁበት ሰውዬ ነው። ቡችላ ልትወስዱ ሄዳችሁ “ለመሆኑ ቤት ማን ይውላል?” ብሎ እንደ መርማሪ ያፋጠጣችሁ ሰውዬ ነው። የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ ከእኔ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

ከዚህ በኋላ ክቡር ሻጭ እላቸዋለሁ። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ እኔን “ጋሼ” ነው የሚሉኝ። ቢሆንም ሰው በዕድሜ ብቻ አይከበርም፤ ያየሁትን ብታዩ እናንተም አንቱ ትሏቸው ነበር።

ክቡር ሻጭ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው፤ ብረት እያሽከረከሩ ሲቆርጡና ሲሞርዱ ይውላሉ። ልጅቷ ወደ ግቢያችን ስትመጣ ሞተር ሳይክል አልነበረችም። በጋሪ ላይ የተጫነች የብረት ሐዘን ነበረች፤ ከአደጋ የተረፈ ቻሲ፣ ከሌላ የተፈታ ሞተር፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ብሎንና ሞላ። “ልጅቷ” ያሏት ያን ቀን ነው። እኔ በመስኮት እያየሁ ለሚስቴ “ጎረቤታችን ቆርቆሮ መነገድ ጀመረ” አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ለዓመታት፣ ክቡርነታቸው ከሥራ መልስ እራት እንኳን ሳይቀምሱ ምድር ቤት ወዳለችው ክፍላቸው ይገቡ ነበር። የሞተሩን ሆድ አሰፉና ትልልቅ ፒስተን አስገቡበት። ከባዱን ብረት እያወለቁ በቀላሉ ተኩ። የኋላ ጎማዋን አወፈሩ፣ የፊት ፍሬኗን ባለ ሁለት ዲስክ አደረጉ፣ መሪዋን ዝቅ አድርገው ነጂው እንደሚሰግድ ሰው እንዲያጎነብስ አመቻቹት። ጭስ ማውጫዋን ከሰፈራችን በያጅ ጋር ሆነው በእጃቸው አጠፉት፤ ሲያጥፉት ያየ ሰው ሁለት ሐኪሞች የሕፃን አጥንት የሚጠግኑ ይመስለዋል። በመጨረሻም ጥቁር ሰማያዊ ቀቧት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውን ሰማይ ዓይነት ሰማያዊ።

እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። ብስክሌት እንኳን የምፈራ ሰው ነኝ። ግን ልጅቷ ስትነሳ አንዴ ታስላለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ድምፁ ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል፤ በእኛ ሳሎን ያለው ብርጭቆ ሁሉ በአንድ አፍ አሜን ይላል። የእኔም የቀረችኝ ፀጉር ትቆማለች። ሚስቴ “ጥርስህን ሳትቦርሽ እዚያ ምን ገተረህ?” ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ዓይኔ እያየ ከከረጢት የወጣ ነገር ነፍስ ዘራ። ይህን ጥርስ እየቦረሹ አያዩትም።

ታዲያ እንዲህ ያለችውን ልጅ ለምን ይሸጧታል? በእማማ ስልክ ምክንያት ነው።

እማማ ስልክ የክቡር ሻጭ አማት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ስለሠሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ታከሙና አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ወንድ ልጃቸው ቤት ተቀመጡ። መንገድ ካዩ ሰነበቱ። ሐኪሙም አስጠነቀቀ፤ በዚህ ሰሞን መራመድ ካልጀመሩ እግራቸው መራመድን ይረሳል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስታውሰውም አለ። ደረጃ የሌለው ክፍል ያለው እኛ ግቢ ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ልጅቷ አለች። ውጭ እንዳትቆም፣ ግቢያችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው።

የክቡር ሻጭ ሚስት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። አልጮኸችም። ሜትር ይዛ ገባች፣ የአልጋ ርዝመት ለካች፣ የሜትሩ ጫፍ የሞተር ሳይክሏ ጎማ ላይ ሲያርፍ ባሏን ቀና ብላ አየችው። ክቡርነታቸው ያን ዕለት ወደ እኔ መጡ።

“ጋሼ፣ እርስዎ መጻፍ ጀምረዋል አሉ።”

“እሞካክራለሁ” አልኩ፣ ወንበር እያቀረብኩ።

“የሽያጭ ማስታወቂያ ይጻፉልኝ።”

ስንት ነገር ጻፍኩ መሰላችሁ። ነፋስን አስገባሁ፣ ነብርን አስገባሁ። ክቡር ሻጭ አንብበው ነብሩን ሰረዙት። ነፋሱንም ሰረዙት። “እንደ አዲስ የሆነች” የሚለው ላይ ሲደርሱ እንደተሰደቡ ሁሉ ብዕሩን አስቀመጡት።

“ጋሼ፣ አዲስ አይደለችም። አዲስ ብትሆን ይሄን ሁሉ አታውቅም ነበር።”

የቀረው ማስታወቂያ “በእጅ የታደሰች የስፖርት ሞተር ሳይክል፤ ጠዋት ብቻ ይምጡ” የሚል ሆነ። ከእኔ ጽሑፍ የተረፈው ድርብ ሰረዟ ናት።

ጠዋት ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሰው ሁሉ ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነስቶ ያሞቃታል፤ የሞቀች በአንድ ጊዜ ትነሳለች፣ አታስልም፣ አታጨስም። ለክቡር ሻጭ ይህ ሰው አስክሮ ከማስፈረም አይለይም። “የሞቀ ሞተር ውሸታም ነው” ይላሉ። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ “መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ” ይሉታል። መሐላ የሚያስገቡት ነው የሚመስለው። “ቀዝቃዛ ነው?” ሲሉት “ቀዝቃዛ ነው” ይላል። “በል እንግዲህ፣ ከዚህ በኋላ የምትሰማው እውነት ነው።”

ከዚያ እውነቱ ይወርዳል። በብርድ ማስነሻዋን ደግመው ካልነኩት አትነሳም። በሦስተኛ ማርሽ ታጉረመርማለች። ዘይት፣ ትንሽ፣ ታነባለች። ወደ ግራ ትጎትታለች። ረጅም መንገድ ላይ የነጂውን ወገብ አታዝንለትም። ይህን ሁሉ የሚሉት ገዢው ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ አንዲት ሳያስቀሩ ነው።

ሚስታቸው ከደረጃው ላይ ሆና ሰምታ “ሰውዬ፣ ሞተር ነው የምትሸጠው ወይስ ለበሽተኛ ካርድ የምታወጣው?” አለች።

የመጀመሪያው ገዢ የሚያብረቀርቅ የራስ ቁር ያደረገ ወጣት ነበር። እጁን ከሞተሩ ላይ ገና ሳያነሳ “ስንት ትነካለች?” አለ።

ክቡር ሻጭ ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው አዩት። “የት ልትሄድ ነው?” አሉት።

“እ?”

“እንዲህ የቸኮልከው፣ የት ልትሄድ ነው?”

“የትም።”

“የትም ለመድረስ እግርህ ይበቃሃል።”

ሁለተኛው የካፌ ባለቤት ነው። በእውነት ጨዋ ሰው። ካፌው መሀል፣ መብራት በርቶባት፣ በገመድ ታጥራ እንድትቆምለት ፈልጎ ነው። “ነዳጅም አያሻት፤ ዝም ብላ ታምራለች” አለ።

“ወንድሜ” አሉት ክቡር ሻጭ፣ “ነፍስ ያለው ነገር ሬሳ ሳጥን ውስጥ ይገባል?”

ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ፤ ምን እንዳጠፋ ግን አልገባውም። 

ሦስተኛው ነጋዴ ነው፤ ሁሉንም ጉድለት “ምንም አይደል” እያለ አሳለፈ። ዘይቱም ምንም አይደል፣ ማርሹም ምንም አይደል። እኔ እፎይ ልል ስል ክቡር ሻጭ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። “ለሁሉም ምንም አይደል የሚል ሰው ሰውም ገጭቶ ምንም አይደል ይላል” አሉ፣ በሩን እያሳዩት።

በዚህ ጊዜ እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። “የኔ ወንድም፣ አማትህ አራተኛ ፎቅ ተሰቅለዋል እኮ። ምን ዓይነት ሰው ነው የምትፈልገው?” አልኳቸው፤ ከመናደዴ ብዛት አንቱታውም ጠፋብኝ።

ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ነበር። “አንድ ጥያቄ ነው የምጠብቀው፣ ጋሼ። ስንት ትሄዳለች ይሉኛል። እንዴት ትቆማለች ያለኝ የለም። እኔ እንድትፈጥን አድርጌ ሠርቻታለሁ። መቆሟን ያልጠየቀ ሰው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ፣ በእኔ እጅ ነው።”

እኔ “ያምርብዎታል” ብዬ የሸኘሁት ሰው ምሰሶ ቢገጭ እንቅልፌ አይዛባም።

የእማማ ስልክ ወንድ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና እሳቸው ልጅቷ ሳትሸጥ መጡ። በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። አልጋቸው ከሞተር ሳይክሏ ጎን ተጠጋ፤ አልጋውና ልጅቷ ክፍሉን ሞሉት። ከሐኪም ቤት የተሰጣቸው ባለ አራት እግር መደገፊያ መዘርጊያ ስላጣ ተጣጥፎ በር ላይ ቀረ። ሚስትየው ባሏን ማናገር አቆመች። ክቡር ሻጭ በሁለት ሳምንት ውስጥ የደረቁ ይመስሉ ነበር።

እማማ ስልክ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ከትራሳቸው ሆነው የሽያጩን ሥነ ሥርዓት ሁሉ ይከታተሉ ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ወሬ በጆሯቸው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት አንዴ የሰሙትን አይረሱም። አንድ ጠዋት ክቡር ሻጭ ለአንድ ገዢ ሲዘረዝሩ ከአልጋው ድምፅ መጣ።

“የዘይቱን አልነገርከውም።”

“ልነግረው ነበር እማማ።”

“ወደ ግራ የምትጎትተውንም። ልጄ፣ ስታውቅ ነው የምትዘለው?”

ገዢው ከማን ጋር እንደሚዋዋል ግራ ገብቶት ሄደ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መድኃኒታቸውን ላደርስ ስገባ፣ እማማ ስልክ ቆመዋል። ብቻቸውን ቆመዋል። አንድ እጃቸው ኮርቻው ላይ፣ አንዱ መሪው ላይ። ልጅቷ በመቆሚያዋ ላይ ጸጥ ብላ ተሸክማቸዋለች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ፤ ወዘወዛቸው፤ ያኔ ጣቶቻቸው ሳያስቡት የፍሬኑን እጀታ ጭብጥ አደረጉ። ቆሙ።

“አትንገርብኝ” አሉኝ። “ደግሞ እንዳትሸጥ ሰበብ ያገኛል።”

ዘወር ስል ክቡር ሻጭ በሩ ላይ ናቸው።  የሚያዩት የእማማን ፊት አልነበረም፤ ፍሬኑን የጨበጠውን እጃቸውን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መጣች። የአምቡላንስ ሾፌር ናት፤ ከፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች። ክቡር ሻጭ ሥራ ገብተዋል። እኔ ሱቅ ልከፍት ስወጣ በሩ ላይ አገኘኋትና ወደ ክፍሉ ወሰድኳት፤ “ባለቤቱ የለም” ልላት አፌን ስከፍት እማማ ስልክ ቀደሙኝ።

“ነይ ግቢ። መጀመሪያ እጅሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ።”

ሴትየዋ አደረገች።

“ቀዝቃዛ ነው?”

“ቀዝቃዛ ነው፣ እማማ።”

“በይ እንግዲህ።” ጉድለቶቹን ከማርሹ እስከ ወገቡ ዘረዘሩላት፤ እኔ ራሴ የማላውቀውን አንድ ጨመሩ፤ መስታወቷ በፍጥነት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሯ “ምንም አይደል” አላለችም። ጎንበስ ብላ የፊት ጎማውን ዲስክ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ጠየቀች፦

“እንዴት ነው የምትቆመው?”

 እማማ ስልክ ስልካቸውን አነሱ፣ ለክቡር ሻጭ ደወሉ። በድሮ የሥራ ድምፃቸው “ጥሪዎ ደርሷል፤ ይምጡ” አሉና ዘጉት።

ክቡር ሻጭ የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ የብረት ፍርፋሪ ከጫማቸው እየረገፈ ደረሱ። ሾፌሯን ፍሬኑን በደረቅ መንገድ፣ በእርጥብ መንገድ፣ በቁልቁለት እንዴት እንደምትይዝ ሲያስረዷት ሰዓቱ ነጎደ፤ እኔ ሱቅ እንዳለኝ ረሳሁ። ከዚያ ቁልፉን ሰጧት። ልጅቷ አሳለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ብርጭቆዎቼ አሜን አሉ፣ ሄደች። እስክትመለስ ድረስ ክቡር ሻጭ የበሩን ብረት ይዘው ቆሙ።

ሾፌሯ ተመልሳ ሞተሩን አጠፋች። የራስ ቁሯን አውልቃ ትንሽ ተቀመጠች።

“ወደ ግራ ትጎትታለች” አለች።

“እማማ ነግረውሽ የለ?” አሉ ክቡር ሻጭ።

“ነግረውኛል። ካሉት ያነሰ ነው። ያሉት ሁሉ ከሆነው ይብሳል።” ኮርቻውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። “እኔ ስንት ሰው ከአስፋልት እንደማነሳ ቢያውቁ። እንዲህ የምትቆም ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።”

ክቡር ሻጭ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በጣም ቆሻሻ በሆነ ጨርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ክርክሩ አጭር ነበር፣ ክቡርነታቸው ናቸው የቀነሱት። አንድ ቃል ብቻ አስገቧት፤ በየጊዜው እያመጣች፣ ሞተሩን አቀዝቅዛ፣ ድምፅዋን ታሰማቸዋለች። “ሳይነግሩኝም አመጣት ነበር” አለች። ሄደች።

ክፍሉ ሰፋ። ሚስትየው ጠረገች፣ መስኮት ከፈተች፣ ከዘይቱ ነጠብጣብ በስተቀር ሁሉን አጸዳች፤ ነጠብጣቧን ባልየው “ተያት” አሉ። በማግሥቱ ብርጭቆዎቼ ዝም አሉ። እኔም ከእንቅልፌ ሳልነሳ ቀረሁ፤ ለካ ያቺ ልጅ ነበረች የምትቀሰቅሰኝ። ሚስትየው በራችን ላይ ብቅ ብላ “ጋሼ፣ እስቲ ሄደው ያጫውቱት፤ አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ” አለችኝ።

ላጽናና ሄድኩ። የማጽናኛ ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ነፋሱንም ነብሩንም መልሼ ይዤአቸው ነበር። ክቡር ሻጭ ግን አማታቸው ፊት ተንበርክከው “እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ” እያሉ የመዳፋቸውን ስፋት በብረት መለኪያ ይለካሉ።

ዛሬ ጠዋት ጨረሱት። ያ ከሐኪም ቤት የመጣው፣ እማማ ስልክ “ወንበር መሆን ያቃተው” የሚሉት መደገፊያ ነው። አሁን ጎማ አለው፤ ኩሽኔታው በእጅ ተስተካክሎ ሲገፉት እንደ ውኃ ይሄዳል። መያዣዎቹ እንደ መዳፋቸው ቀጥነዋል። በሁለቱም በኩል፣ ልጅቷ ስትታደስ የወለቁት የድሮ ፍሬን እጀታዎች አጥረው ተገጥመዋል። ቀለሙም ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ሰማያዊ ነው።

ግቢው ሁሉ ወጥቷል። እማማ ስልክ ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

“ቀዝቃዛ ነው” አሉ።

“እንግዲህ እውነቱን ይስሙ” አሉ ክቡር ሻጭ። “ጠጠር ላይ ታጉረመርማለች። ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ትጎትታለች፤ አስተካክላታለሁ።”

“ስንት ትነካለች?”

ሁላችንም ዞር አልን። ክቡር ሻጭ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ።

“የት ሊሄዱ ነው፣ እማማ?”

“መንገዱን ላየው ነዋ።”

ሄዱ። እየጎተቱ፣ እያረፉ፣ በዚያ ቀጭን መተላለፊያ ሄዱ። በሩ ጋ መሬቱ ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል፤ ጎማው ፈጠን ሲል ሚስትየው አፏን ያዘች፣ ባልየው ግን አልተንቀሳቀሱም። እማማ እጀታዎቹን ጨበጡ። ቀጥ ብለው ቆሙ። በሩን ከፈትንላቸው፣ መኪናውንና ሰውን፣ ያን ተራ የሆነውን መንገድ፣ እንደ አዲስ አገር ያዩት ጀመር።

እኔ እሱን አየሁት። አሁን ክቡርም አንቱም አልለውም፤ የኔ ወንድም ነው። ጉልበቱ ላይ የብረት ፍርፋሪ፣ ጥፍሩ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም፣ ጆሮውን ወደ ጎማው ጣል አድርጎ ጉድለት ያዳምጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት አንዲት ደንበኛ ቀይ መነፅር አድርጋ “እንዴት ነው?” ስትለኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ “እውነቱን ልንገርሽ፣ አያምርብሽም” አልኳት።  ከዚያ ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና “በል እንግዲህ የሚያምርብኝን ፈልግ” አለችኝ። ፈልጌ አገኘሁላት።

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መሄድ አለብኝ። በያጁ ለሥራ ወጥቶ ሰንብቶ ዛሬ ነው የሚመለሰው፣ ምንም አልሰማም። ሲሄድ “እሱ እሷን ከሸጠ ጢሜን እላጫለሁ” ብሎ በሰው ፊት ምሏል፤ ጢሙ ደግሞ ደረቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ምላጩን ገዝቼ ኪሴ ይዣለሁ። ዳቦ ሻጩ ቀድሞኝ እንዳይነግረው።